ተረበ ለብቻው አይረባም

ባለፈው ጥር ለዘመድ ጥየቃ ደብረ ታቦር ወጥቼ ሳለ የቀሚሴ ጠርዝ ተቀደደና ከመናኸሪያው በላይ ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዷ ዘንድ ገባሁ። ሴትዮዋ ሰፍታ እንደጨረሰች መብራት ጠፋ። «ቆይ፣ ሳልተኩሰውማ አልሰጥሽም» ብላ ከጠረጴዛው ሥር የከሰል ካውያ አወጣች። ፍሙን አራግባ፣ እርጥብ ጨርቅ ዘርግታ ካውያውን ስታሳርፍበት ያ ሽታ መጣ፤ የጋለ ብረት፣ የረጠበ ጥጥ፣ ትንሽ አመድ፣ ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት። ቀሚሴን ረሳሁት። አራተኛ ክፍል ሆኜ በአክስቴ ሱቅ ካውያ ሳራግብ የከረምኩበት ዓመት ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አክስቴ እናንዬ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ያን ጊዜ አላገባችም፤ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር። በአስፋልቱ ዳር አንድ በር ብቻ ያላት ሱቅ ተከራይታ ትሰፋ ነበር። እናቴም አባቴም ሥራ ላይ ስለሚያመሹ ከትምህርት ቤት ስለቀቅ የምሄደው እሷ ዘንድ ነው። ሥራዬ የታወቀ ነበር፤ የወደቀ መርፌ እለቅማለሁ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ካውያው ሲበርድ ደጅ አውጥቼ በካርቶን አራግባለሁ። የደብረ ታቦር የጥቅምት ብርድ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ካውያ ማራገብ ለእኔ ሹመት ነበር። የጓደኞቼ እጅ በውርጭ ሲሰነጣጠቅ የእኔ ይሞቃል።

ትምህርት ቤት ግን አልሞቀኝም። ስሜ ትርንጎ ነው። ስሙን ያወጡልኝ ወንድ አያቴ ናቸው፤ ለእሳቸው ትርንጎ መዓዛው ቤት የሚሞላ ፍሬ ነው። ለክፍላችን ልጅ ለደረጀ ግን ሌላ ነበር። «ትርንጎ! ልጣጭሽ ወፍራም፣ ውስጥሽ ኮምጣጣ!» ይለኛል ባገኘኝ ቁጥር። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች ቤቲ የምትባል ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ አባቷ መንገድ ሥራ ላይ ነበሩ። እንባዬን አይታ «ሙድ እየያዘብሽ እኮ ነው» አለችኝ።

«ምን ያዘብኝ?»

«ሙድ።»

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ጉንፋን እንደሚይዝ፣ ሌባ እንደሚያዝ፣ ሙድም የሚያዝ ነገር መሆኑ ብቻ ገባኝ። ደረጀ ከእኔ ላይ አንድ ነገር ጨብጦ አልለቅም ያለ ሆኖ ታየኝ። ቤቲ ማብራሪያውን ጨመረችልኝ፤ «አዲስ አበባ ሙድ የያዘብሽን ሰው ዝም ካልሽው ዕድሜ ልክሽን ይጫወትብሻል።» ይህን እንደ ዳዊት ደገምኩት።

ምናሉ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ የሱቋን በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ። የወንበር ልብስ ሊያሰፋ መጣ። አንድ የወንበር ልብስ። አክስቴ ሰፍታ ሰጠችው። ወደ ብርሃን አውጥቶ ገለባበጠና «ይህ ስፌት ነው ወይስ የጋፋት የእግር መንገድ? እንዲህ የሚጠማዘዝ ወዴት ሊደርስ ነው?» አላት።

ሰው በአክስቴ ስፌት ላይ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

«አነዳድህን እያየሁ ስለሰፋሁት ነው» አለች እሷ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

በሳምንቱ ሌላ አንድ የወንበር ልብስ ይዞ መጣ። ከዚያ ደግሞ ሌላ አንድ። ሚኒባስ ሙሉ ወንበር እያለው ለምን አንድ አንድ እንደሚያመጣ አልገባኝም፤ ድሃ ይሆናል ብዬ ትንሽ አዘንኩለት። በመጣ ቁጥር ግን አንድ ነገር ሳይላት አይወጣም። መቀስሽ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ያላምጣል እንጂ አይቆርጥም ይላታል። የስፌት መኪናሽ ከሩቅ ሲሰማ የታመመ ወፍጮ ይመስላል ይላታል። እሷም አትተኛለትም፤ ጫማውን፣ ፍንጭቱን፣ ጡሩንባውን ታነሳበታለች። ሲሄድ ክሩን በጥርሷ እንደነከሰች ትቀራለች፣ ፊቷ ይቀላል። እኔ ያ መቅላት ንዴት ነው ብዬ አመንኩ። የእኔ ፊት ደረጀ ሲጠራኝ የሚቀላው በንዴት ነዋ! አንዳንዴ ደግሞ ብቻዋን ትስቃለች፤ እሱንም የብስጭት ሳቅ አድርጌ ቆጠርኩት።

ለቤቲ ነገርኳት። ቅንድቧን ሰብስባ አዳመጠችኝና ፍርዷን ሰጠች፤ «አለቀ። ሰውየው ሙድ እየያዘባት ነው። የሚናገርላት ዘመድ የላትም እንዴ?»

ዘመዷ እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ምናሉ ከሱቁ ሲወጣ ካውያውን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ፍሙ ቀልቷል፤ እሱም ትንሽ ሳይፈራ አልቀረም።

«አያ ምናሉ፣ አክስቴን ተዋት» አልኩት።

«ምን አደረግኋት?»

«ታበሽቃታለህ። አንተ ስትሄድ ፊቷ ይቀላል። ሌሊት እንቅልፍ የላትም።» ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፤ በእርግጥም ስትገላበጥ ነበር የምታድረው።

ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ። «እውነትሽን ነው? አስከፍቻታለሁ?»

«በጣም።»

«እንግዲህ ይቅርታ አርጊልኝ» አለኝ፤ ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው እንደሚለው አድርጎ። ወደ ሱቁ ስመለስ አገር ያቀናሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ምናሉ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። በሩ ላይ ኮፍያውን አወለቀ። «እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሪት እናንዬ?» አለ።

አክስቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደገባ ፈለገች።

የቀሩትን የወንበር ልብሶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ አምጥቶ ነበር። «በተመቸዎ ጊዜ ቢሰፉልኝ» አለ። «ስፌትዎ እጅግ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው?» አለች አክስቴ።

«እጅግ።»

ሰፋችለት። መጥቶ ወሰደ፣ አመሰገነ፣ እጅ ነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ምን ይዞ ይምጣ? ወንበሩ አልቋል።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። አክስቴ ዝም አለች። ልብስ ስትለካ ቁጥሩ ይጠፋባታል። አስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ጡሩንባ ሲሰማ እግሯ መርገጫው ላይ ቀጥ ይላል፤ መኪናው ካለፈ በኋላ እንደገና ትረግጣለች። አንድ ቀን የሰው ሸሚዝ ላይ ካውያ ረስታ የካውያውን ቅርጽ ቡናማ አድርጋ አተመችበት። እሷ! «ጨርቅ ላይ ካውያ አስቀምጦ የሚያወራ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው» የምትለኝ እሷ። ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እያየችው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጭሱ ነው» አለችኝ።

ጭሱስ ማስለቀስ የነበረበት እኔን ነው፤ ያራገብኩት እኔ ነኝ።

ወንድ አያቴ፣ የአክስቴ አባት፣ መሪጌታ ነበሩ። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፣ እኛ ልጆቻቸውም። በግቢያችን ጥግ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ጥቂት ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ጠዋትና ማታ ግስ ያስጠኗቸዋል። አንዱን ግስ ጠርተው ትርጉሙንና እርባታውን ተራ በተራ ሲያወርዱት ግድግዳው ሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር። ሴት አያቴ ካረፈች ወዲህ የኔታ ዝምተኛ ሆነዋል ይባላል፤ እኔ ሌላ የኔታ አላውቅም። ሲገቡ ጎረቤት ከመቀመጫው ይነሳል፣ ቤተሰቡ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ተማሪዎቹ ቁራሽ ሊለምኑ እስኪወጡ ጠብቄ ገባሁ።

«የኔታ፣ አንድ ግስ ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ሙድ ያዘ።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «ያዘ የታወቀ ግስ ነው። ሙድ ምንድን ነው?»

«አላውቅም የኔታ። ቤቲ ናት ከአዲስ አበባ ያመጣችው።»

«ምንነቱን ያላወቁትን ነገር ይዞ መቆየት ደግ አይደለም፤ ልቀቂው። በእኛ አገር ምን ይሉታል?»

ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ስም ብቻ አልጠራሁም፤ «አንድ ሹፌር» እና «አንዲት ሰፊ» እያልኩ ነው የነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ከዚያ በተማሪ ፊት እንደሚያደርጉት ጣታቸውን አነሱ።

«ቀለደ አለ፤ ካፊያ ነው፣ ማንንም አያበሰብስም። ጎነተለ አለ፤ ንቃ ማለት ነው። አላገጠ አለ፤ ያላገጠው ይስቃል፣ የተላገጠበት አይስቅም። አሽሟጠጠ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንቺን እያየ ለሌላ ሰው ይናገራል። ተረበ ደግሞ አለ። ተራቢ ፊት ለፊት ነው የሚናገር፤ ተናግሮም ይጠብቃል።»

«ምን ይጠብቃል?»

«መልስ ነዋ! መልስ ካልጠበቀ ስድብ ነው። ተረበ ለብቻው አይረባም ልጄ። ለሁለት ነው የሚረባ።»

እርባታ የግስ ትምህርት መሆኑን ስለማውቅ በአዋቂ ደንብ ራሴን ነቀነቅሁ። ግን ሌላም ነገር የተናገሩ መሰለኝ።

«አሁን ተሳቢዋን ንገሪኝ» አሉ። «ያቺ ሰፊ ሲተርባት ትመልስ ነበር?»

«ትመልስ ነበር።»

«ትስቅ ነበር?»

አሰብኩ። «እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዋን ትስቅ ነበር።»

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። «እንግዲያው ግሱን ስተሻል» አሉኝ። «ሂጂ፣ አርሚው።»

በማግሥቱ ጠዋት ደረጀ እንደ ልማዱ «ልጣጭሽ ወፍራም» ብሎ ጀመረ። ከማልቀሴ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት። አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ቆሟል። ይጠብቃል! ልጁ ከመስከረም ጀምሮ መልስ ሲጠብቅ ነው የከረመው።

«አንተ ደግሞ ስምህ ደርጅቶ ቁመትህ ቀረ!» አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ራሱ ደረጀ ነው፤ ዴስኩን በጡጫ እየመታ። በዕረፍት ሰዓት ከተቀቀለ ድንቹ ትልቁን መርጦ ሰጠኝ። ቤቲ «አሪፍ ሙድ ያዝሽበት» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት፣ አፌ በድንች ተሞልቶ። «ተረብኩት።»

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ረዳቱ «አንበሳሜ! አንበሳሜ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ሴቶችና አንድ ዶሮ ብቻ ናቸው። ምናሉ መሪው ላይ ክንዱን ጥሎ ወደ ሜዳ ያያል። ተንጠልጥዬ በመስኮቱ ብቅ አልኩ።

«አያ ምናሉ፣ አክስቴን ተርባት።»

«ምን አልሽ?»

«ተርባት። እንደ ድሮው።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ካውያ ይዘሽ ተዋት ያልሽኝ?»

«ያኔ ግሱን አላወቅሁትም ነበር።»

«የምን ግስ?»

«ማላገጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ተረብ ነው። አሁን እሷ ታለቅሳለች። የሰው ሸሚዝ አቃጠለች።»

«ሸሚዝ አቃጠለች?» ፊቱ በራ። የሰው ሸሚዝ በመቃጠሉ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ወዲያው ግን መልሶ ጠቆረ። «ወንበሩ አልቋል እኮ! ምን ብዬ ልሂድ?»

ዙሪያውን ተመለከተ። ከመሪው አጠገብ ምላጭ አነሳና ወርዶ የራሱን ወንበር ልብስ ስፌት ጥብ ጥብ እያደረገ መፍታት ጀመረ። ከኋላ ያሉት ሴቶች «ይህ ሰው ምን ነካው? በእሱ ነው እንግዲህ ጉዟችን?» ተባባሉ።

አመሻሹ ላይ መጣ። በሩን ጎንበስ ብሎ አለፈና ልብሱን ዘረጋላት። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ያ ሁሉ ምላስ ተሳሰረ። አክስቴ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«ይህን ማን ፈታው?»

«ራሱ... ራሱ ተፈታ።»

«ራሱ ምላጭ ይዞ?»

ምናሉ ዝም። እኔ ካውያዬን ይዤ በሆዴ ‹ተርባት፣ ተርባት› እላለሁ። ሰውየው ላብ በላብ ሆኗል። አክስቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«አፍህንስ አብረህ ቆረጥከው?» አለችው። «ከዚህ ዝምታ ጡሩንባህ ይሻለኛል።»

ሳቀ። ሱቋ የማትበቃው ሳቅ ነበር። «አልቆረጥኩትም፣ ዘግቼው ነው» አላት። «አንቺ አግኝተሽ ከሰፋሽው ወሬዬ ሁሉ ተጠማዝዞ ይቀራል ብዬ!»

የዚያን ዕለት ካውያው ሲበርድ ልብ ያለው ሰው የለም።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ተላከ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ከአንበሳሜ መጡ፤ አንዱ ቄስ ናቸው፣ ታላቁ ደግሞ ምርኩዝ የያዙ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው። የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ተቀበሏቸው። እኔና አክስቴ ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ተጣብቀን ቆመናል። በወጉ መሠረት ልጅቱ አትታይም፣ አትናገርም። ምርቃቱ አለቀ፣ ጥያቄው ቀረበ። የኔታ «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ።

«ጨዋ ነው የኔታ» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። መሪጌታ ፊት መሆናቸውን አስበው ቃላቸውን መረጡ። «አንገቱን የደፋ፣ አንደበቱ የተቆጠበ። ሳቅ አይወድ፣ ጨዋታ አይወድ። እንኳን ሰው ሊተርብ ሲተርቡ አይሰማም። ጣራ ገዳም ቢገባ አበምኔት የሚያደርጉት ሰው ነው።»

«እንግዲያስ ጣራ ገዳም ይግባ» አሉ የኔታ። «ደግ መነኩሴ ይወጣዋል። እኔ ልጄን ለመነኩሴ አልድርም።»

ክንዴን የያዘው የአክስቴ እጅ በረደ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታላቁ ምርኩዛቸውን ጨበጡ፤ ሊነሱ ነው።

«ውሸታቸውን ነው!» አለች አክስቴ በሹክሹክታ። እሷ መውጣት አትችልም። ወደ እኔ ዞረች። «ትርንጎ፣ ውጪና ንገሪያቸው!» ብላ ገፋችኝ።

መጋረጃው ተገለጠና መሐል ቤት ተገኘሁ።

«ይተርባል የኔታ!» አልኩ። «በጣም ይተርባል! የአክስቴን መቀስ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ያላምጣል ብሏታል!»

ሦስቱም ሽማግሌዎች አፋቸውን ገጠሙ። የኔታ ፊታቸው አልተለወጠም።

«እሷስ ምን አለችው?»

ብዙ ብላዋለች፤ እኔ ወደ አፌ የመጣልኝን ያዝኩ። «የአንበሳሜ ሰው በሬ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ፣ ገመዱን ሸጦ በሬውን እየነዳ ይመለሳል አለችው።»

ይህን የተናገርኩት በሦስት የአንበሳሜ ሽማግሌዎች ፊት መሆኑ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ «ወይኔ እናንዬ!» ሲባል ሰማሁ።

ታላቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ምን እናድርግ የኔታ? የደብረ ታቦር ሰው ገንዘቡ የሚደርሰው ለገመዱ ብቻ ሆነብን።»

የኔታ ሳቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቀነቀ፣ ከዚያ ድምፁ ወጣ፤ ጥምጥማቸው ወደ ግንባራቸው እስኪወርድ ሳቁ። ግቢው ጥግ ግስ የሚያነበንቡት ተማሪዎች ዝም አሉ። መምህራቸው ሲስቁ ሰምተው አያውቁም። አንዱ በሩ ላይ መጥቶ አንገቱን አስግጎ አየና ሮጦ ለባልንጀሮቹ ነገረ።

«የእናንዬ እናት» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ዕድሜ ልኳን ስትተርበኝ ነው የኖረች። ጥምጥሜን፣ ድምፄን፣ ቅኔዬን ሳይቀር። ካረፈች ወዲህ ሰው ሁሉ ያከብረኛል። መከበር ደግ ነው። ግን ቤት አያሞቅም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ የሞቀ ቤት እንዲኖራት ነው የምሻ። ሰጥቻችኋለሁ።»

ቄሱ መረቁ፣ ሁላችንም አሜን አልን። እኔ ከሁሉ በላይ ጮኼ።

አክስቴ ጠላ ይዛ ወጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ እንደ ወጉ ከታላቁ ጀምራ ቀዳች። ታላቁ ሽማግሌ ከድንጋጤውም ከመንገዱም ጠምቷቸው ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡና ዋንጫውን መልሰው ዘረጉ። አክስቴ መቅጃውን ያዝ አደረገች።

«ቀስ ይበሉ አባቴ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «ገመዱን እኛ ገዝተነዋል፤ ወደ አንበሳሜ በምን ይመሩዎታል?»

የሽማግሌው ጢም በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ወደ ባልንጀሮቻቸው ዞረው «የሰርጉን ቀን ዛሬውኑ እንቁረጥ» አሉ። «ይህች ልጅ ከቆየች በሬውንም ትወስድብናለች።»